ፖላንድ ውስጥ ሰው ቤት ገብቶ ምግብ መማር፦ ከቀጠሮው እስከ ፒየሮጊውና ዡሬኩ

ክራኮቭ፣ ዋርሶ ወይም ግዳንስክ ውስጥ ባህላዊ ምግብ የሚያስተምሩ ቦታዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ለጎብኚ ተብሎ የተሰናዳ አዳራሽ ነው፤ ሊጡ ቀድሞ ተቦክቶ፣ መሙያው በሳህን ቀርቦ ይጠብቃል፤ ተማሪው ጥቂት ፒየሮጊ (መሙያ ገብቶበት ታጥፎ የሚቀቀል ሊጥ) አጥፎ፣ ፎቶ ተነስቶ ይወጣል። ሌላው የሰው ቤት ነው፤ ሁለት ሦስት ሰው ሆኖ በአንድ ቤተሰብ ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ከዱቄቱ መጀመር። እዚህ የምናወራው ስለ ሁለተኛው ነው።

ልኬቱን ለማወቅ ብቻ ከሆነ ሰው ቤት መሄድ አያስፈልግም፤ ልኬት በየቦታው ተጽፎ ይገኛል። በጽሑፍ የማይገኘው ሊጡ ሲደርስ ጣት ላይ የሚሰጠው ስሜት፣ ሲዳመጥ ምን ያህል ሲሳሳ ማቆም እንደሚገባ፣ ጠርዙ ሲቆነጠጥ የሚፈልገው ጉልበት ነው። ስለዚህ ከቀጠሮው ጀምሮ ሐሳብዎ አንድ ይሁን፦ እጅዎ ሊጥ ውስጥ የሚቆይበት ሰዓት እንዲረዝም።

ቀጠሮ ሲይዙ

እንደ ኤርቢኤንቢና ኢትዊዝ ባሉ ድረ ገጾች ላይ በቤታቸው የሚያስተምሩ ሰዎች ይገኛሉ። ፖላንድ የሚማር ወይም የሚሠራ ሰው ደግሞ በጎረቤት፣ በሥራ ባልደረባ ወይም በአከራዩ በኩል ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ የተሻለ ባለሙያ ያገኛል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ሊጡን የምናቦካው እኛ ነን ወይስ ተቦክቶ ይጠብቀናል? ስንት ሰው ነው፣ መዳመጫስ ስንት አለ? በስንት ሰዓት ውስጥ ስንት ምግብ ይሠራል?

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ያጋልጣል። ሁለት ምግብ በደንብ ለመሥራት ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል። በ3 ሰዓት አራት ምግብ እናሳያለን የሚል ማስታወቂያ ካዩ፣ ሦስቱ ቀድመው ተሠርተው እንደሚጠብቁ ይወቁ። የምንመክረው አንድ የሊጥ ሥራና አንድ ሾርባ ነው፤ ፒየሮጊና ኮምጣጣው ሾርባ ዡሬክ፣ ወይም ፒየሮጊና የቀይ ሥር ሾርባው ባርሽች። ቢጎስ የሚባለው የጥቅል ጎመንና የሥጋ ወጥ ስሙ ትልቅ ቢሆንም ለትምህርት አይሆንም። ለሰዓታት የሚንተከተክ፣ በማግስቱ ሲሞቅ ይበልጥ የሚጥም ምግብ ስለሆነ እርስዎ የሚያደርጉት የሰው ድስት ማማሰል ብቻ ነው።

እሑድን አይምረጡ። እሑድ ከሰዓት ቤተሰብ የሚሰበሰብበት የምሳ ሰዓት ነው፤ ከ2018 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ በወጣው ሕግ ምክንያትም አብዛኛውን እሑድ ትልልቅ መደብሮች ዝግ ናቸው፣ የጎደለ ነገር ሮጦ መግዛት ያስቸግራል። ቅዳሜ ጠዋት ይሻላል። ባለሙያዋ ገበያ አብረን እንውጣ ካለች እሺ ይበሉ፤ ክራኮቭ ውስጥ ስታሪ ክሌፓዥ፣ ዋርሶ ውስጥ ሃላ ሚሮቭስካ አንድ ሰዓት አብሮ መዞር የትኛው አይብ ለመሙያ እንደሚሆንና የትኛው ጎመን በርሜል ውስጥ በትክክል እንደቆመጠጠ ያስተምራል። ወቅቱም ለውጥ አለው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በጫካ ፍሬ የሚሞላው ጣፋጭ ፒየሮጊ ይሠራል፤ በመከር የጫካ እንጉዳይ ይገባል፤ ታኅሣሥ ደግሞ የገና ዋዜማ ምግቦች ጊዜ ነው።

ሰዓቱ ሲነገርዎ እንዳይምታታ፤ 15:00 ሲባል በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው።

አሳማ፣ ስብና ጾም

ሙስሊምም ሆኑ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ወይም ቤተ እስራኤል፣ ይህን ክፍል ሳያነቡ ቀጠሮ አይያዙ። ፖላንድ ውስጥ «ሥጋ የለውም» ማለት «የአሳማ ስብ የለውም» ማለት አይደለም። ፒየሮጊ ሩስኪየ የሚባለው ዋናው ዓይነት ውስጡ ድንች፣ አይብና ሽንኩርት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሲቀርብ ከላይ ስክቫርኪ ይነሰነስበታል፣ እሱም ተጠብሶ የደረቀ የአሳማ ስብ ነው። ሽንኩርቱ የሚቁላላው ስማሌትስ በሚባል የቀለጠ የአሳማ ስብ ሊሆን ይችላል። ጎመን ውስጥ ቦቼክ የሚባል ያጨሱት የአሳማ ጎን ይገባል። የዡሬክ ሾርባ መረቁ ብዙ ጊዜ ከተጨሰ አጥንት ነው። ፖንችኪ የሚባሉት ክብ ጣፋጮች እንኳ በባህሉ የሚጠበሱት በዚሁ ስብ ነው።

ስለዚህ «አሳማ አልበላም» ብቻ ብለው አያቁሙ። በፖላንድኛ እንዲህ ብለው ይጻፉላቸው፦ ቤዝ ቪየፕሾቪኒ (ያለ አሳማ ሥጋ)፣ ቤዝ ስማልትሱ (ያለ አሳማ ስብ)። ሽንኩርቱ በምን እንደሚቁላላ፣ መረቁ ከምን እንደሚወጣ ለይተው ይጠይቁ። መልሱ «ቅቤ» ወይም «ዘይት» ካልሆነ ሌላ ሰው ይፈልጉ። ባለሙያዋ የለመደችውን ምግብ ያለ ስቡ ልትሠራው የማትፈልግ ከሆነ ማስገደዱ ለሁለቱም ወገን ደስ አይልም።

ጾም ላይ ከሆኑ «እጾማለሁ» ማለት ያሳስታል። የዛሬው የፖላንድ ካቶሊክ ጾም ሥጋ ይከለክላል እንጂ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ዓሣ ይፈቅዳል፤ ጾመኛ ነኝ ላለ እንግዳ አይብ የሞላ ፒየሮጊ በቅቤ ተለውሶ ይቀርብለታል። «ቬጋን» (ከእንስሳት የሚገኝ ምንም የማይበላ) የሚለው ቃል የተሻለ ይገባል። ጨምረውም ቤዝ ናብያዉ (ያለ ወተት ተዋጽኦ)፣ ቤዝ ያዬክ (ያለ እንቁላል) ይበሉ። በዚህ ልክ የሚሠሩ እውነተኛ ባህላዊ ምግቦች አሉ፦ በኮምጣጣ ጎመንና በደረቅ እንጉዳይ የተሞላ ፒየሮጊ (ሊጡ ያለ እንቁላል፣ በዘይት)፣ ያለ አጥንት የተቀቀለ ባርሽች፣ ካሻ በሚሉት በተፈተገ የባክዊት እህልና በእንጉዳይ የተሞላ የጎመን ጥቅል።

ለጾመኛ የሚመቸው ወር ታኅሣሥ ነው። የፖላንድ የገና ዋዜማ ማዕድ፣ ቪጊሊያ፣ ዲሴምበር 24 ማታ ይቀርባል፤ በልማዱ ሥጋ የሌለባቸው 12 ምግቦች ናቸው። ቀኑ የእኛ የነቢያት ጾም ውስጥ ይወድቃል። ታኅሣሥ ሲገባ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ጎመንና እንጉዳይ ማዘጋጀት ስለሚጀምሩ ለእርስዎ የተለየ ነገር አይሠሩም። ቅቤና ሽሚየታና (ክሬም) ግን እዚያም ስለሚገቡ ጥያቄው አይቀርም፤ በዋዜማው ዕለት ራሱ ደግሞ ማንንም አስተምሩኝ አይበሉ።

በሩ ላይ

የሚይዙት ነገር ትንሽ ነው፦ ሽርጥ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ የሚዘጋ ዕቃ (የተረፈው ይሰጥዎታል)፣ ከተቻለም ትንሽ ዲጂታል ሚዛን። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል ከሆነ ዝሎቲ ይያዙ፤ ፖላንድ ዩሮ አትጠቀምም። ጥፍር አጭር፣ ቀለበት የወለቀ ይሁን።

በደጃፍ ላይ ቆመው አይጨብጡ፤ ደፉን ተሻግረው ገብተው ሰላምታ ይስጡ፣ በደፍ ላይ መጨባበጥ ለክፉ ይታያል። ጫማ ይወልቃል፤ ካፕቼ የሚባል የቤት ነጠላ ጫማ ይሰጥዎታል። አበባ ከያዙ ቁጥሩ ጎዶሎ ይሁን፣ ክሪሳንተመም ግን አይሁን፤ እሱ የመቃብር አበባ ነው፣ ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዕለት መካነ መቃብሮች በእሱ ይሞላሉ። ሴትየዋን በስሟ ብቻ አይጥሩ፤ ፓኒ ብለው ስሟን ያስከትሉ፣ ወንድ ከሆነ ፓን። እሷ ራሷ በስሜ ጥሩኝ እስክትል ይህ አይቀየርም። ሲገቡ ጄን ዶብሪ፣ ለምስጋና ጄንኩየ፣ ሊበላ ሲል ስማችኔጎ። ይበቃል።

ልኬቱን ከእጃቸው መንጠቅ

የፖላንድ የቤት ባለሙያ በዓይኗ ትለካለች። ዱቄቱን ከከረጢቱ ጠረጴዛው ላይ ትዘረግፋለች፣ ውኃውን ከማፍያው ቀጥታ ትጨምራለች፤ ስንት ነው ቢሏት «እስኪበቃው» ትላለች። እንዳታፍር፣ እንዳትቋረጥም አድርጎ መለካት ይቻላል። የዱቄቱን ከረጢት ከመጀመሯ በፊት ይመዝኑ፣ ስትጨርስ እንደገና ይመዝኑ፤ ልዩነቱ ልኬቱ ነው። ውኃውንም በሚሊ ሊትር ምልክት ባለው ማንቆርቆሪያ ያቀብሏትና የተረፈውን ይቀንሱ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ እጇን ይመልከቱ፣ ስልክዎን አይደለም። አንድ ፎቶ ብቻ ይበቃል፦ የተዳመጠው ሊጥ ጠርዝ ከማስመሪያ ጎን።

የፒየሮጊ ሊጥ

የሚከተለው ልኬት ወደ 60 ፒየሮጊ ያወጣል፤ ለአራት ለአምስት ሰው ይበቃል።

የስንዴ ዱቄት 500 ግራም፣ በጣም የሞቀ ውኃ 250 ሚሊ ሊትር፣ ዘይት 3 የሾርባ ማንኪያ (ወይም የቀለጠ ቅቤ 40 ግራም)፣ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ። እንቁላል የሚጨምሩ አሉ። እኛ አንመክርም፤ እንቁላል ሊጡን ያጠነክረዋል፣ ለፓስታ እንጂ ለፒየሮጊ ጥንካሬ አይፈለግም።

ዱቄቱ ከረጢት ላይ ቲፕ 450 ወይም ቲፕ 500 የሚል ይፈልጉ። ቁጥሩ ዱቄቱ ተቃጥሎ የሚተርፈውን አመድ ያመለክታል፤ ቲፕ 500 ማለት በ100 ኪሎ ዱቄት ውስጥ 500 ግራም ያህል አመድ ነው። ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ዱቄቱ ነጭና ልም፣ ከፍ ባለ መጠን ገለባው ያልወጣለት ነው።

ውኃው ፈልቶ ጥቂት ደቂቃ ያረፈ፣ 80 ዲግሪ ገደማ ይሁን። ትኩስነቱ ምክንያት አለው። ሙቀቱ የዱቄቱን ስታርች ስለሚያሳብጠው ሊጡ ብዙ ውኃ ይይዛል፣ ሊጡን እንደ ላስቲክ የሚያደርገውን የግሉተኑንም ጉልበት ያላላዋል፤ ስለዚህ ሲዳመጥ ወደ ኋላ አይሸሽም፣ ሲበስልም ለስላሳ ይሆናል። በቀዝቃዛ ውኃ የተቦካ ሊጥ ይቻላል፣ ግን ሲዳመጥ ይሰበሰባል፣ ሲበላም ብዙ ማላመጥ ይፈልጋል።

ዱቄቱንና ጨውን ቀላቅለው መሐሉን ይክፈቱት፤ ዘይቱን፣ ከዚያ ውኃውን በቀስታ እያፈሰሱ በማንኪያ ያማስሉ፤ እጅ የሚገባው ሲቀዘቅዝ ነው። መጀመሪያ የሚጣበቅ፣ የማይሆን ይመስላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ተጣበቀ ብሎ ዱቄት ይጨምራል። አይጨምሩ። ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይሹት፣ መጣበቁ በራሱ ይለቃል። ደረሰ የሚባለው በጣት ሲጫኑት ስርጉድ ብሎ ቀስ እያለ ሲመለስና ገጹ ሲለሰልስ ነው። ባለሙያዋ ሊጧን እንድትነኩ ስትሰጥ ይንኩ፣ ከዚያ የራስዎን፣ እንደገና የእሷን። የትምህርቱ ዋና ደቂቃ ይህ ነው።

ሊጡ ላይ የሞቀ ሳህን ደፍተው 30 ደቂቃ ያሳርፉት። ይህን መዝለል ሁለተኛው ስሕተት ነው፤ ያላረፈ ሊጥ በመዳመጫ ሲገፉት እንደ ላስቲክ ይሰበሰባል። ሲያወጡት ሩቡን ብቻ ይቁረጡ፣ የቀረው ተሸፍኖ ይቆይ፤ አየር ካገኘ ቆዳ ያወጣል፣ ቆዳ ያወጣ ሊጥ ደግሞ ጠርዙ አይገጥምም።

መሙያው

ለፒየሮጊ ሩስኪየ የተላጠ ድንች 600 ግራም፣ ትቫሩክ 300 ግራም፣ ሁለት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት፣ ጨው፣ በርከት ያለ ቁንዶ በርበሬ። ድንቹ የሚፈረፈር ዓይነት ይሁን፤ ፖላንድ ገበያ ላይ በኤ፣ ቢ፣ ሲ ይከፈላል፣ ኤ ለሰላጣ ነው፣ ለዚህ ሲ ወይም ቢ ይግዙ። ትቫሩክ ከእኛ አይብ ጋር የሚቀራረብ ነጭ፣ ጠንከር ያለ ትኩስ አይብ ነው፤ መካከለኛ ቅባት ያለውን ይምረጡ።

ድንቹ ተቀቅሎ ውኃው ከፈሰሰ በኋላ ድስቱን እሳት ላይ ለአንድ ደቂቃ መልሰው እንፋሎቱን ያስወጡ። በትኩሱ ይደፍጥጡት፤ በኤሌክትሪክ መፍጫ ግን በጭራሽ፣ ስታርቹ ተቀጥቅጦ ሙጫ ይሆናል። ሽንኩርቱ በቅቤ በዝግታ ወርቃማ እስኪሆን ይቁላላ፤ ግማሹ ወደ መሙያው ይገባል፣ ግማሹ ሲቀርብ ከላይ ይሆናል። አይቡ የሚቀላቀለው ድንቹ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ሲቀምሱት ጨውና ቁንዶ በርበሬው ትንሽ የበዛ ሊመስል ይገባል፣ ሊጡ ምንም ጣዕም ስለሌለው።

ትኩስ መሙያ አይሙሉ። እንፋሎቱ ሊጡን ከውስጥ ያረጥበዋል፣ ያልገባው ሰው ደግሞ ፒየሮጊው ድስት ውስጥ የተቀደደው ጠርዙ ስላልገጠመ ነው ብሎ ሌላ ቦታ ጥፋት ይፈልጋል።

የጎመንና እንጉዳዩ መሙያ ለጾም የሚሆነው ነው። ደረቅ የጫካ እንጉዳይ 40 ግራም ሌሊቱን በውኃ ይዘፈዘፋል፣ በዚያው ውኃ 40 ደቂቃ ያህል ይቀቀላል፣ ይከተፋል። ኮምጣጣ ጎመን 500 ግራም ይጨመቃል፤ በጣም ከኮመጠጠ አንዴ ይለቀለቃል፣ ሁለቴ ግን አይታጠብ፣ ጣዕሙ አብሮ ይሄዳል። ለስለስ እስኪል ተቀቅሎ፣ እንደገና ተጨምቆ፣ ደቆ ተከትፎ በዘይት ከተቁላላ ሽንኩርትና ከእንጉዳዩ ጋር እርጥበቱ እስኪደርቅ ይጠበሳል። የእንጉዳዩን ቡናማ ውኃ አይድፉ፤ ለባርሽች ወይም ለዡሬክ መረቅ ከሥጋ የማይተናነስ ጉልበት አለው። እንጉዳዩ ግን ከመደብር ወይም ፈቃድ ካለው ሻጭ የተገዛ ይሁን። ፖላንዳዊ ቤተሰብ ጫካ ወርዶ መልቀም ይወዳል፣ ልምዱ የሌለው እንግዳ ግን በለቃሚው ዓይን ላይ ሆዱን ባይጥል ይመረጣል።

መዳመጥ፣ ማጠፍ፣ መቀቀል

ሊጡ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይዳመጣል፤ ጠረጴዛው ላይ ስስ ዱቄት ብቻ። አፉ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር በሆነ ብርጭቆ ክብ ክብ አድርገው ይቁረጡ። ትርፍራፊውን ሰብስበው እንደገና ከመዳመጥዎ በፊት 10 ደቂቃ ያሳርፉት።

መሙያው በአንድ ክብ 15 ግራም ያህል፣ ማለትም ሞላ ያለ የሻይ ማንኪያ ነው። ክቡን በመዳፍ ይዘው መሐሉ ላይ ያድርጉ፤ አጥፈው መጀመሪያ መሐሉን፣ ከዚያ ከመሐል ወደ ሁለቱ ጫፍ አየሩን እየገፉ ይቆንጥጡ። ጠርዙን ሁለቴ ይሂዱበት፤ አንዴ ለመግጠም፣ አንዴ ለማሳሳት። ያልሳሳ ጠርዝ ከበሰለም በኋላ ጥሬ ሊጥ ሆኖ ጥርስ ላይ ይቀራል። ጌጡ፣ ያ የተጠማዘዘው ገመድ መሳይ ጠርዝ፣ ለውበት ነው፤ ካልሆነልዎ ይተዉት። የማይገጥም ከሆነ ምክንያቱ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ጠርዙ ላይ ዱቄት አለ፣ የመሙያው ቅባት ነክቶታል፣ ወይም ሊጡ ደርቋል። ለመጀመሪያውና ለመጨረሻው በውኃ የነከረ ጣት ይበቃል፤ ቅባት የነካውን ግን ምንም አይመልሰውም፣ ያንን ክብ ለብቻው ያስቀምጡ።

የተጠቀለሉትን ዱቄት በተነሰነሰበት ጨርቅ ላይ እንዳይነካኩ ደርድረው ይሸፍኑ። ሰፊ ድስት ውስጥ 4 ሊትር ውኃ በጨው ያፍሉ፤ በአንድ ጊዜ ከ12 እስከ 15 ብቻ ይጨምሩ። ወዲያው በእንጨት ማንኪያ ጀርባ ከሥር አንዴ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱ፣ አለበለዚያ ታችኛው ይያዛል። እሳቱ ይቀነስ፤ የሚገላበጥ ፍል ውኃ ይቀድዳቸዋል። ከላይ ሲንሳፈፉ አልበሰሉም፣ የተንሳፈፉት ውስጣቸው ስለሞቀ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይጨምሩላቸው። ቀዳዳ ባለው ጭልፋ አውጥተው በጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ይለውሷቸው። ወንፊት ላይ በጅምላ መድፋት አይሞከርም።

በማግስቱ በመጥበሻ ወርቃማ እስኪሆኑ የተጠበሱት ከትኩሶቹ ይሻላሉ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ትክክል ናቸው። ስለዚህ የተረፈውን ይዘው ይሂዱ።

ዡሬክ፦ ከአምስት ቀን በፊት የሚጀምር ሾርባ

ዡሬክ ራይ ከሚባል፣ ስንዴ መሳይ እህል የሚሠራ ኮምጣጣ ሾርባ ነው። የሚያኮመጥጠው ዛክቫስ የሚባል የቦካ የራይ ዱቄት ስለሆነ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከባዶ ተጀምሮ አያልቅም። ስለዚህ ባለሙያዋ ዛክቫሱን ቀድማ እንደምትጀምር፣ በትምህርቱ ቀን ደግሞ ከእርስዎ ጋር አዲስ ማሰሮ እንደምታስጀምር በቀጠሮው ጊዜ ይስማሙ። ከሱቅ በጠርሙስ የሚሸጥ ዛክቫስ አለ፣ መጥፎም አይደለም፤ ግን ለመማር ከሄዱ አይጠቅምዎትም።

ልኬቱ፦ ገለባው ያልወጣ የራይ ዱቄት (ቲፕ 2000) 100 ግራም፣ ፈልቶ ለብ ያለ ውኃ ግማሽ ሊትር፣ የተጨፈለቀ ነጭ ሽንኩርት 3 ፍንካች፣ የሎሬል ቅጠል 2፣ ዚየሌ አንግየልስኪየ የሚባለው ድብልብል ቅመም 4 ፍሬ። ንጹሕ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ተበጥብጦ አፉ በጨርቅ ይሸፈናል፤ ክዳን ቢጠብቅ ጋዙ ይገፋዋል። በክፍል ሙቀት ከ4 እስከ 5 ቀን ይቀመጣል፣ በቀን አንድ ሁለቴ ይማሰላል፤ ቤቱ ሞቃት ከሆነ በ3 ቀን ይደርሳል። ሲደርስ ጠረኑ ጥሩ ኮምጣጣ፣ ነጭ ሽንኩርት ነክ ይሆናል። ከላይ ስስ ነጭ ሽፋን ቢይዝ ተገፎ ይጣላል፤ ጸጉራም፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ሻጋታ ካዩ ግን ሙሉውን ይድፉ፣ ከሥሩ ደህና የሚመስለውን ለማትረፍ አይሞክሩ። የደረሰው ቅመሙና ነጭ ሽንኩርቱ ብቻ ወጥቶለት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል።

እርሾ ያሳደረ ሰው ይህን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም፤ አንድ ልዩነት ግን አለ። እርሾ ከሊጡ ላይ የሚቀዳው ፈሳሽ ነው፤ ዛክቫስ ግን የሚፈለገው ከነዱቄቱ ነው። ዱቄቱ ከሥር ይተኛል፣ ሾርባውን የሚያወፍረውም እሱ ነው፤ ሳይናጥ ከላይ ከላይ የተቀዳ ዛክቫስ የኮመጠጠ ግን እንደ ውኃ የቀጠነ ሾርባ ያወጣል።

ለ4 ሰው 1.5 ሊትር መረቅ፣ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ዛክቫስ። መረቁ በባህሉ ከተጨሰ የአሳማ ሥጋ ነው፤ ለእኛ ካሮት፣ የፓርስሌ ሥር፣ የሰለሪ ሥርና ባሮ ሽንኩርት (ፖላንድ ውስጥ አንድ ላይ ታስረው ይሸጣሉ) ከደረቅ እንጉዳዩ ውኃ ጋር ተቀቅሎ ይተካዋል። ዛክቫሱ ከግማሹ ይጀመርና እየተቀመሰ ይጨመር፤ የእያንዳንዱ ማሰሮ ኮምጣጣነት ይለያያል፣ አንዴ ከገባ ደግሞ አይወጣም። ከገባ በኋላ 10 ደቂቃ በዝግታ ይንተክተክ፣ ያለዚያ ጥሬ ዱቄት ይሸታል። በመጨረሻ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ማጆራም (የቅጠል ቅመም ነው) በመዳፍ መሐል ታሽቶ ይነሰነሳል፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና አንድ ማንኪያ የተፈቀፈቀ ኽሻን (አፍንጫ የሚነዝረው ነጭ ሥር) ይጨመራል። ክሬም የሚገባ ከሆነ አንድ ጭልፋ ትኩስ ሾርባ መጀመሪያ ክሬሙ ላይ ተደርጎ ይበጠበጣል፣ ከዚያ ወደ ድስቱ፤ ቀዝቃዛ ክሬም ኮምጣጣ ፍል ሾርባ ውስጥ ከገባ ይበጣጠሳል። የተቀቀለ እንቁላል ተቆርጦ ይቀርባል።

የጎመን ጥቅል፣ በጥቂቱ

ጎዎምብኪ በሩዝና በሥጋ የተሞላ የጎመን ጥቅል ነው፤ ከሊጥ ሥራ በኋላ ቀላል ነው። የጎመኑን ግንድ ጎርጉረው ያውጡ፣ ሙሉውን በፍል ውኃ ውስጥ አድርገው ቅጠሎቹ ሲለሰልሱ አንድ በአንድ ይላጡ። የቅጠሉን ወፍራም ጅማት በቢላ ካላሳሱት ጥቅልሉ ይፈታል፤ ሌላው በሙሉ ትዕግሥት ነው። ሥጋው የበሬ እንዲሆን ቀድመው ይንገሩ፤ ተፈጭቶ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከአሳማ ጋር የተቀላቀለ ነው።

ወደ አገር ቤት ሲመለሱ

ደረቅ እንጉዳይና ማጆራም ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ፤ አይብና ክሬም ይዞ መጓዝ ግን ትርፉ ድካም ነው። በትቫሩክ ቦታ የእኛ አይብ ይሠራል፤ ብዙ ውኃ ስለሚይዝ በንጹሕ ጨርቅ አስረው ሌሊቱን አንጠልጥለው ያጥልሉት፣ ካልሆነ መሙያው ይላላል። ራይ ዱቄት ካጡ አይጨነቁ፤ ፖላንድ ውስጥ በስንዴ ዱቄት ዛክቫስ የሚሠራ ነጭ ባርሽች የሚባል የዡሬክ ወንድም አለ፣ በአጃ የሚሠራም ዡር አለ። ገለባው ያልወጣለት የስንዴ ወይም የአጃ ዱቄት በዚያው ልኬት ይጠቀሙ። ለሊጡ የአገር ውስጥ ዱቄት የሚጠጣው ውኃ ስለሚለያይ 220 ሚሊ ሊትር ሰጥተው ቀሪውን በማንኪያ ይጨምሩ።

ለማስቀመጥ ከሆነ ጥሬውን ፒየሮጊ በትሪ ላይ እንዳይነካካ ደርድረው ያቀዝቅዙ፣ ድንጋይ ሲሆን ወደ ከረጢት ይሰብስቡ። በረዶውን ሳያቀልጡ ቀጥታ ወደ ፍል ውኃ ይጨምሩ፤ ቀልጦ የገባ ይጣበቃል፣ ይቀደዳል።

አንድ ነገር ደግሞ የፖላንድ ባለሙያ ልትነግርዎ አትችልም። ክራኮቭ ከባሕር ወለል በላይ 220 ሜትር ገደማ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድንቹ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፣ ለሊጡም የፈላውን ውኃ ሳያሳርፉ ቶሎ ይጠቀሙ። ፒየሮጊው ከተንሳፈፈ በኋላ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ በመስጠት ፈንታ 4 ደቂቃ ይስጡት፤ አንዱን አውጥተው ጠርዙን ነክሰው ይፈትሹ፣ መሐሉ ነጭ መስመር ካሳየ ሌላ አንድ ደቂቃ ይቆይ።